የጥር መርዶ

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ግንቦት 2013 ዓ.ም.

ውድ ማንያህልሻል፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ሳቂ። አንቺ እንደሆነ በሕይወትሽም ደብዳቤ ከፍተሽ አታውቂም፤ የመብራቱንም የኪራዩንም ፖስታ እንደታሸገ ቦርሳሽ ውስጥ ከተሽ ወደ እኔ ነበር የምታመጪው። ስለዚህ እንደ ልማዳችን እኔ ልጻፍ፣ እኔው ላንብብልሽ።

ትናንት ስለ አንቺ በሕዝብ ፊት ተናገርኩ። የከተማው የጤና በጀት ስብሰባ ነበር፣ በዙም። እኔ፣ ባንክ ቤት ገብቼ ስሜን ስጠየቅ የምንተባተበው ሴትዮ! ምን ብዬ እንደተናገርኩ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ፈለግሁ። ግን እንዲገባሽ ከሥሩ ልጀምር፤ አንቺ ያላየሽው ብዙ ነገር አለ።

ባለፈው ሐምሌ በቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ላይ ያ ነጭ የምርመራ ድንኳን ሲተከል ትዝ ይልሻል? ሰዉ ከመኪናው ሳይወርድ «ማን ሞተ?» እያለ ይደነግጥ ነበር። እኛ ድንኳን ስናይ ሌላ ምን ይታየናል! ሳሌምን ያገኘናት እዚያ ነው። በወረርሽኙ ገንዘብ የተቀጠረች፣ አማርኛ የምትናገር የጤና ሠራተኛ፣ ዕድሜዋ ከልጄ ከቢታንያ ብዙ የማይርቅ። ስልኳን ለሁላችንም ሰጠችን። አንዱ ትኩሳት ያዘኝ ይላታል፣ አንዷ ባሌ ፖዘቲቭ ሆነ፣ ከአንድ ትሪ እንብላ ወይ ትላታለች። ቆጣ እንኳን አትልም ነበር። አንቺማ ምንም ሳትታመሚ ድምፅዋን ለመስማት ብቻ ትደውዪላት ነበር።

ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነች በደንብ የገባን ግን የእድራችን ሊቀመንበር የጋሽ ጣሰው ወንድም አዲስ አበባ ላይ ሲያርፉ ነው። ጋሽ ጣሰውን ታውቂያቸዋለሽ፤ ፍራሽ ያልተነጠፈበት፣ ሰው አንገት ለአንገት ያልተቃቀፈበት ለቅሶ ለሳቸው ለቅሶ አይደለም። ሳሌም ዌስተርቪል ቤታቸው ድረስ ሄደች። አትሰብሰቡ አላለችም። «ጋሼ፣ ለቅሶ መከልከል አልችልም። ውጭ ማውጣት ግን እንችላለን» አለቻቸው። ከዚያ ወንበሩን ሁሉ ሣሩ ላይ አራርቃ ደረደረችው፤ ለቀስተኛው እየተራመደ መጥቶ ከሩቅ እጅ ነስቶ እንዲቀመጥ አደረገች። አንቺ ጆሮዬ ሩቅ ስለሆነብሽ ጮክ ብለሽ፣ «ሰርኬ፣ ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ጋራዥ ሴል?» አልሽ። አፍሽን ሳትዘጊ አንዲት የሰፈሩ ነጭ ሴትዮ አሮጌ ዕቃ የምንሸጥ መስሏት መኪናዋን አቁማ የወንበሩን ዋጋ ጠየቀችን። ሐዘንተኛው ራሳቸው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንገታቸውን ደፍተው ብዙ አለቀሱ፤ ማንም ተጠግቶ ሊያቅፋቸው አልቻለም። ያንን አልረሱትም።

ከዚያ ለቅሶ አንድ ሰው አልታመመም። ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ሳሌም በመኪና አደረገችው፤ ሁሉም በየመኪናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሐዘንተኛው በረንዳ ላይ ቆሞ። አማረርን፣ ግን ለመድነው።

በታኅሣሥ ገንዘቡ አለቀ ተባለ። ድንኳኑ ተነቀለ፣ ሳሌምንም ሌይኦፍ ብለው ከሥራ አሰናበቷት። ዌርሃውስ ገብታ ሳጥን መጫን ጀመረች። ስልኩም የመሥሪያ ቤቱ ነበርና ወሰዱባት፤ ብንደውል የሚመልስልን የተቀዳ የእንግሊዝኛ ድምፅ ሆነ። በሽታው ግን ገንዘብ አለቀ ሲባል አብሮ አልሄደም።

በጥር እናቴ ሐዋሳ ላይ አረፈች። ወንድሜ እንደ ወጉ ለእኔ አልነገረኝም፤ ለአንቺ ነው የደወለው። አንቺ ደግሞ መጀመሪያ የደወልሽው ለሳሌም ነበር፤ ይህን በኋላ ሰማሁ። የእንግሊዝኛው ድምፅ መለሰልሽ። ቀጥለሽ ለጋሽ ጣሰው ደወልሽ፤ እሳቸውም ተቆጡ አሉ። «ሰርካዲስን በስልክ እናርዳት? ያውም የእናቷን! እኔ ወንድሜን ሜዳ ላይ አለቀስኩት፣ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በዚህ ብርድስ ማንን ውጭ ልናቆም ነው?» በብርዱ እውነታቸውን ነው፤ የዚያ ሰሞን ብርድ አጥንት ድረስ ይገባ ነበር።

ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ቆመሻል፣ ከኋላሽ ጋሽ ጣሰው፣ ከሳቸውም ኋላ የእድሩ ሰዎች። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ሁላችሁም ማስክ አድርጋችሁ ነበር። እኔ «እማዬ!» ብዬ ስወድቅ ግን አንቺ ማስክሽን አውልቀሽ ጥለሽ ያዝሽኝ። በተሸፈነ ፊት ማባበል አልሆንልሽ ብሎ ነው፣ አውቃለሁ።

እስከ ሰልስቱ ከፍራሹ አልተነሳሽም። ሂተሩ ይነዳል፣ ሰው ይገባል ሰው ይወጣል። እናቴን በዓይንሽ አይተሻት አታውቂም፤ ስሟን እየጠራሽ ሙሾ ስታወርጂ ግን አብራችሁ ያደጋችሁ ትመስሉ ነበር። ቢታንያ ከማዕዘኑ ሆና «ሹድ ዊ ኦፕን ኤ ዊንዶው?» አለች። አንቺ ነሽ የመለስሽላት። «ተይ ልጄ፣ እናትሽ አልቅሳ ላብ አጥምቋታል፣ ብርድ ይመታታል።» ሁላችንም ትክክል ነው አልን። መስኮቱን የዘጋሽው ለእኔ ነው፣ ማኔ።

ከሰልስቱ በኋላ አንቺ ሊንደን ወደ ቤትሽ፣ ቢታንያም ካምፓስ አጠገብ ወደ ኪራይ ቤቷ ተመለሳችሁ። ቀን ቆጥሮ እኔን ትኩሳት ጣለኝ። ስደውልልሽ ያንቺም ድምፅ ተዘግቷል። «ብርድ ነው ባክሽ፤ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው የመታኝ» አልሽኝ። ያ ድንኳን ቢኖር በእግርሽ ሄደሽ ትመረመሪ ነበር። አሁን ምርመራው መኪና ላለው፣ በኢንተርኔት ቀጠሮ ለሚይዝ ብቻ ሆኖ ነበር። ቢታንያ ስትፈልግልሽ ለሐሙስ ተገኘ። ማክሰኞ አምቡላንስ ወሰደሽ።

ሆስፒታል ጠያቂ አያስገቡም ነበር። አንዲት ነርስ ታብሌት ይዛልሽ አየሁሽ። ኦክስጅኑ አፍንጫሽ ላይ ነው። ያለሽኝ ነገር ቢኖር «ሰርኬ፣ በላሽ?» ብቻ ነው። ለእናቴ ሐዘን እህል ትቼ እንደሆነ አስበሽ ነው። በላሁ አልኩሽ። አልበላሁም ነበር።

ማረፍሽን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጣጥፍ ነው። ሐኪሟ ደወለች፤ መስመሩ ላይ አማርኛ አስተርጓሚ አለ፣ በየትኛው ከተማ እንደሚኖር የማላውቀው ወንድም። ሐኪሟ ቶሎ ቶሎ ተናግራ ጨረሰች። እሱ አልተረጎመም።

«እህቴ» አለኝ፣ «አጠገብዎ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ጎረቤት ቢጠሩ? እኔ እጠብቅዎታለሁ።»

ሐኪሟ ምን እያልካት ነው ስትለው ይሰማኛል። አንድ ደቂቃ ስጪኝ አላት። መርዶ በስልክ እንደማይነገር ያውቃላ! እንጀራው ሆኖበት ነው። በሽታው ገና ስላልለቀቀኝ የምጠራው ሰው አልነበረም። «ንገረኝ ወንድሜ» አልኩት። ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረኝ። አንቺ እኔ የእናቴን ሞት በስልክ እንዳልሰማ ብለሽ መጣሽ፤ ያንቺን በስልክ ሰማሁ። የእድሩ ግማሽ ታሞ ተኝቷል፤ በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ልብሱን አጣጥፌ ጨረስኩ።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። እንደ ሳሌም ያሉ ሠራተኞች ይመለሱ ወይስ እንደወጡ ይቅሩ የሚለው ሳይወሰን ሕዝብ ይናገር ተብሎ ነው ስብሰባው። ሳሌም ደውላ፣ «እትዬ ሰርካዲስ፣ እርስዎ ይናገሩ፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጋሽ ጣሰው ይህን ሰምተው ደወሉ፤ ካረፍሽ ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ተናገሪ፤ ለቅሶውን ግን እንዳታነሺ» አሉኝ። «ሥራ ቦታ ነው የያዛት በይ። ነርሲንግ ሆም አዛውንት ስትጦር ትሠራ የለም እንዴ? ማን ያውቃል?»

«ለምን ጋሼ?»

«እነዚህ ሰዎች በገዛ ባህላቸው ነው የሚሞቱት፣ ገንዘብ ምን ያደርግላቸዋል ይሉናላ! በጀቱም ይቀራል፣ ስማችንም ይጠፋል።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልዋሽ ወስኜ ነበር። ነገራቸው ሚዛን ደፋብኝ።

ቢታንያ አጠገቤ ተቀምጣ ልትተረጉምልኝ መጣች። ከእኔ በፊት አንድ ሰውዬ ተናገረ። ክፉ ሰው አይመስልም። ክትባት መጥቷል፣ ገንዘቡ የታክስ ገንዘብ ነው፣ ከእንግዲህ ሰው ራሱን ይጠብቅ፤ ለመሆኑ ዛሬ ምን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ ማን አለ አለ። ያቺ ጥያቄው ደሜን አፈላችው። አንቺ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው እንዴ! የነርሲንግ ሆሙን ሕግ፣ ጓንቱን፣ ማስኩን፣ አስተጣጠቡን ለአዲስ ሠራተኛ ታስተምሪ ነበር። የእናቷ መርዶ የተነገራት ጓደኛ ፊት ለፊትሽ ስትወድቅ ምን እንደሚደረግ ግን የትኛውም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። ያንን ለእኛ የምታውቅልን አንዲት ልጅ ነበረች፣ እሷን አሰናበቷት።

ስሜ ተጠራ። «ጓደኛዬ ማንያህልሻል ሥራ ቦታዋ ላይ ታማ» ብዬ ጀመርኩ። ብዙ ተናገርኩ። ሰዎቹ አፍ አፌን ያዩኛል።

«ማሚ! ዩ አር ሚዩትድ!» አለች ቢታንያ።

ድምፄ ተዘግቶ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ውሸት ማንም አልሰማውም። እንደገና ጀምሪ አሉኝ። ያንኑ ልድገም ብል ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ጓደኛዬ የሞተችው እኔን ልታባብል መጥታ ነው» አልኩ።

ቢታንያ ዞራ አየችኝ። «ማሚ፣ አር ዩ ሹር?»

«እንዳልኩት ተርጉሚ።»

ስለ ሣሩ ላይ ለቅሶ ነገርኳቸው፣ ስለ መኪናዎቹ፣ አንቺ ደውለሽ ሰው ስለጠፋበት ስልክ፣ ስለ መስኮቱም ሳይቀር። ጋሽ ጣሰውን በስም አልጠራሁም። ስጨርስ ከሰብሳቢዎቹ አንዷ መነጽር ያደረገች ሴትዮ ልጠይቅ አለች። ሐዘኑ ሰውን መሰብሰቡ ካልቀረ፣ ያቺ ሠራተኛ ብትኖርስ ምን ይለወጥ ነበር?

«ጓደኛዬ ውጭ ነበር የምታለቅስልኝ» አልኩ።

ቢታንያ አልተረጎመችም። ዞር ስል እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። «ቢቱ» አልኳት። እንደምንም በእንግሊዝኛ አለችው። ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ሰዓቱ አልቋል፣ እናመሰግናለን ተባልኩና ምስሌ ጠፋ።

ውሳኔው ለሌላ ስብሰባ ተላልፏል። ሳሌምን ይመልሷት አይመልሷት አላውቅም፤ ብዙም ተስፋ የለኝም። ቢመልሷትም ላንቺ አይሆንሽም።

ጋሽ ጣሰው ሲከታተሉ ኖሯል፣ ወዲያው ደወሉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ሰርካዲስ፣ የፈራሁት ለስማችን አይደለም» አሉኝ። «ቤት እንግባ ያልኳት እኔ ነኝ።»

አለቀሱ። አይዞዎት ማለት ነበረብኝ፣ አቃተኝ። ተናድጄባቸው ነበር፣ አንጀቴንም በልተውኝ ነበር፣ ሁለቱም አንድ ላይ። ስልኩን ግን አልዘጋሁም፤ እሳቸውም አልዘጉም።

ማኔ፣ ሰው ሁሉ ስምሽን ሲያነሳ ነፍሷን ይማር ይላል። እኔ ብዬው አላውቅም ነበር። ካልኩት በቃ መሞትሽ ይሆናል ብዬ፣ አፌ ላይ ሲመጣ እውጠው ነበር። ትናንት ስልኩን እንደያዝን፣ ሳላስበው፣ «ነፍሷን ይማርልን ጋሼ» አልኩ።

«አሜን» አሉ።

ያኔ ነው ላንቺ ያለቀስኩት።

እህትሽ
ሰርካዲስ