በነጭ ካርቶን የተመለሰው የሙሽራ ኬክ

ኮውሉን፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1971

ለውድ ልጄ ለሃንግሲም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? አክስትሽስ ወገቧን ተሻላት? የኩቺንግ ሙቀት አላከሳሽም? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ከንፈር አትምጠጪልኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የምነዘንዘው ሰውም አላጣሁም።

"እማዬ፣ ለምን ዝም አልሽኝ?" ብለሽ ጽፈሻል። ዝም ያልኩት እንዳትመጪ ብዬ ነበር። አሁን ግን ጠበቃዬ ሳያማክረኝ ደብዳቤ እንደላከልሽ ትናንት ነገረኝ፤ እንግዲህ ከባዕድ ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው። እስር ቤት ነኝ ልጄ። ያ እጮኛሽ የነበረው ሲውቹንግ ሞቷል። የገደልኩት እኔ ነኝ። ጠበቃው "ልጅዎ መጥታ ካልመሰከረች የቀረ ዕድሜዎን እዚሁ ይጨርሱታል" ይለኛል። እኔ ደግሞ አትምጪ እልሻለሁ። የሲውቹንግ ታላቅ ወንድም ወደቡ ላይ ሰው አቁሞ እየጠበቀሽ ነው፤ ካገኘሽ ምን እንደሚያደርግሽ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ይህን ያስቀደምኩት የቀረውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሸፍት ብዬ ነው።

እዚህ ደብዳቤ ሁሉ ይነበባል። ይህንን ግን እትዬ ላን፣ ያቺ ጎረቤታችን ቶፉ ሻጯ፣ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከታ ትወጣለች። ስለዚህ እንደ ልቤ ነው የምጽፈው።

ያን ቀን የገዛ ሠርግሽን ኬክ ስትበይ እኔ ቦምቦሊኖ እየጠበስኩ ነበር። ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። የሲውቹንግ እናት፣ ወይዘሮ ፑን፣ የእንቁላል ኬክ ልትገዛ መጥታ "ያቺን አይደለም፣ ጠርዟ ያረረውን አትስጪኝ፣ እኔን ማታለል ይቅርብሽ" እያለች ታደርቀኛለች። አንቺ ከጓዳ ብቅ አልሽ። እነሱ ለሠርጉ ልከውልን ለጎረቤት ካደልነው ከተረፈው ካርቶን የአንዱን ቀይ ወረቀት ቀደድሽና፣ ኬኩን አውጥተሽ፣ ፊት ለፊቷ ቆመሽ ገመጥሽ። በተሰበረው ጥርስሽ በኩል እንዳያምሽ በሌላው ጎን እያላመጥሽ ጨረስሽው። ሙሽራ የገዛ ኬኳን ከበላች ዕድሏን በላች ማለት እንደሆነ ሰልፉ ላይ የማያውቅ አልነበረም።

"አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለችሽ።

"ርቦኝ ነው" አልሻት።

ልንገርሽ አይደል? አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሲውቹንግ ጥርስሽን የሰበረ ጊዜ የፈረደልሽ ሰው አልነበረም። "ኬኩ መንደሩን ዞሯል፣ ተበልቷል፤ ኬኳ የተበላ ልጅ ተድራለች፣ ይልቅ ቻል አድርጊው በሏት" ነበር የሚሉን። እምቢ እንዳንል ወጉ ያዘን። አንቺ ግን እነሱ ራሳቸው እምቢ እንዲሉሽ አደረግሽ። ይህን ያህል ብልሃት ከየት እንዳመጣሽው እስካሁን ይገርመኛል፣ ከአባትሽ እንዳይሆን ደግሞ አባትሽን አውቀዋለሁ።

ወይዘሮ ፑን "ዕድሏን የበላች ሴት ደጄን አትረግጥም" ብላ በየቤቱ አወራች። አንቺም በማግስቱ መርከብ ላይ ነበርሽ። ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር።

አባትሽ ግን እንቅልፍ አጣ። "ኬካቸውን ተቀብለን ልጃችንን ከለከልን፤ ይህ የሌባ ሥራ ነው" ይለኛል። መጀመሪያም ኬኩን ከእኛው ቤት አዘው፣ እሱ በገዛ እጁ ጋግሮት፣ እነሱ በቀይ ጠቅልለው የላኩልን መሆኑን ሳስታውሰው "እሱ ሌላ ነገር ነው" አለኝ። ስለዚህ እንደ አዲስ ጋገረ። ኬኩ ውስጥ የሚገባውን የሎተስ ፍሬ ራሱ ፈጨ፣ ሊጡን ራሱ አሸ፣ ማንንም አላስጠጋም። የተቀበልነውን ያህል አድርሶ ሲጨርስ በጋሪ ጭኖ ሊመልስላቸው ሄደ። እኔ ገበያ ነበርኩ። ብኖር ኖሮ ጋሪው ከበር አይወጣም ነበር።

ሲመለስ ፊቱ ዱቄት መስሏል። "ኬኩን አልወደዱትም" አለኝ።

"እንዴት አልወደዱትም? ቀመሱት እንዴ?"

"አልቀመሱትም። መንገድ ላይ ደፉት።"

"በምን ጠቅልለህ ነው የወሰድከው?"

"በነጩ ካርቶን" አለ። "ሠርግ የለ፣ ደስታ የለ፣ ቀይ ወረቀት ምን ይሠራል? የምቀልድባቸው እንዳይመስላቸው ብዬ ነው።"

የዱቄት ከረጢት ላይ ዘፍ አልኩ። ልጄ፣ አባትሽ በሰው ደጅ ነጭ በነጭ ደርድሮ የገባ የመጀመሪያው ባለኬክ ሳይሆን አይቀርም። ነጭ ወደ ቤት የሚገባው ለሬሳ ነው። ወይዘሮ ፑን ካርቶኖቹን ስታይ "ልጄን በቁሙ ቀበሩት" እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ አባትሽ እዚያው ቆሞ እጅ እየነሳ "ለክብራችሁ ብዬ ነው፣ ለክብራችሁ" ይል ነበር አሉ። ክፋት አያውቅም እኮ። ያንን ደግሞ እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ የአናናሱ ዳቦ ከፎርኖ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሲውቹንግ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ሰልፉን ገፍቶ ገባ።

"ወደ ሰልፍህ" አልኩት።

"እኔ ለዳቦ አልመጣሁም አንቺ አሮጊት።"

"ታዲያ ለምን መጣህ? ሊጥ ልታቦካልን?"

ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ ባይኖር ይሻል ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ሲውቹንግ ከብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፊ ቢላ አወጣ፤ ጋዜጣው መሬት ሳይደርስ ሰልፈኛው እግሬ አውጪኝ ብሎ ተበተነ። አንዱ ጓደኛው በብረት ዘንግ የመስታወት መደርደሪያውን አወረደው። ስብርባሪው ኬኩ ላይ ዘነበ። ሌላው ትሪዎቹን እየገለበጠ ዳቦውን በጫማው ይረግጣል። አባትሽ በዚያው ሰዓት ከፎርኖው ትኩስ ትሪ ይዞ ይወጣል መሰለሽ? "ተጠንቀቁ፣ ትኩስ ነው" አላቸው። ብረቱን ወገቡ ላይ አሳረፉለት። ትሪው ከእጁ በረረ፣ በጉልበቱ ወደቀ፣ እንደገና ጀርባውን መቱት።

እኔ የሊጥ መዳመጫውን አንስቼ ብረት የያዘውን አገጩ ላይ አገኘሁት። ሲሰበር ሰማሁት። ደም ከነጥርሱ ተፋና ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ፤ ያንቺን ጥርስ እያሰብኩ ነበር። ሁለተኛው ግን ከኋላ ፀጉሬን ይዞ ፊቴን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ግንባሬ ተተረተረ፣ ደሙ ዓይኔን ሸፈነው።

በአንድ ዓይኔ ነው የቀረውን ያየሁት። ሲውቹንግ አባትሽን ጎትቶ አነሳውና ቀኝ እጁን ማቡኪያው ጠረጴዛ ላይ፣ ዱቄቱ መሃል ዘረጋው።

"ልጅህ የት ናት?"

አባትሽ፣ "አላውቅም" ማለት አቅቶት፣ "አልነግርህም" አለው።

"ሽማግሌ፣ የት ናት?"

"አልነግርህም አልኩህ እኮ።"

ቢላውን አወረደው። ሁለት ጣት። እንደገና አወረደው። አውራ ጣቱ ብቻ ቀረ። አባትሽ አልጮኸም፤ ዱቄቱን ያያል፤ ዱቄቱ እየቀላ፣ እየረጠበ፣ ሊጥ እየሆነ ነበር። ከዚያ ሲውቹንግ ግራ እጁን ያዘ። "አሁንስ?" አለው።

የያዘኝን ሰውዬ እጁን ነከስኩት፤ ሥጋው አፌ ውስጥ ገባ፤ ለቀቀኝ። ምድጃው ላይ የቦምቦሊኖው ዘይት እየፈላ ነበር። ድስቱን በሁለት እጄ አንስቼ በሲውቹንግ አናት ላይ ገለበጥኩት።

የሰው ቆዳ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፣ ባላየውም እወድ ነበር። ፊቱን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ ፊቱ ከእጁ ጋር መጣ። እየጮኸ ወደ መንገድ ሮጠና በባለስጋው በባክ ደጅ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ገብቶ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሞተ አሉ። አሁን መንደሩ "ነጩ ካርቶን ነው የወሰደው" ይላል። የወሰድኩት እኔ ነኝ እንጂ ካርቶን ሰው አይገድልም።

ፖሊስ ሲመጣ መንገዱ በሙሉ ዓይነ ስውር ሆነ። ባክ፣ ያ በየጠዋቱ በነጻ ሁለት ዳቦ ሲያነሳ የኖረው፣ "ጀርባዬን ሰጥቼ ስጋ እየሰቀልኩ ነበር" አለ። የሲውቹንግ ወንድም በየበሩ እየዛተ ዞሮ ነበርና ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም አሉ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ። ሁለቱ ጓደኞቹ ደግሞ "ለሽምግልና ሄድን፣ ሴትዮዋ በሠርጉ ቂም ይዛ ዘይት ደፋችበት፣ ሽማግሌው የገዛ ቢላውን ሲወዘውዝ ጣቱን ቆረጠ" ብለው ምለዋል። ዓይናቸውን በጨው ያጠቡ። የአባትሽን ቃል ባል ለሚስቱ የማይለው የለም ብለው እንደማይቆጥሩት ጠበቃው ነግሮኛል።

ስለዚህ ነው አንቺን የፈለገሽ። ያቺን ጥርስሽን አሳይተሽ፣ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ "ብትከጂኝ አባትሽን ጣት በጣት እከትፈዋለሁ" ያለሽን ለዳኛው ብትነግሪ፣ ቢላውን ማን ይዞ እንደመጣ ይታወቃል ይላል። ያንን ሲል የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ካልመጣሽ ደግሞ እኔ "ድስቱ ከእጄ ተንሸራተተ" እንድል ይመክረኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ድስት ተንሸራቶኝ አያውቅም። አንስቼ ደፋሁት። አባትሽ ሌላ እጅ እንዳያጣ ብዬ ደፋሁት። ሌላ ቃል የለኝም።

አባትሽ ሊጠይቀኝ ይመጣል። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም ኪሱን እንደማላይ እሆናለሁ። ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል፤ እሱ ግን እርሾው እንዳይሞትበት በግራ እጁ እየቀለበው ነው። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር፤ እንግዲህ ማልኩለት፣ ነገርኩሽ፣ ምን ይሁን። በራሱ እጅ ያልጻፈልሽ ለዚህ ነው እንጂ ተቀይሞሽ አይደለም። አንዴም አልወቀሰሽም። እኔም አልወቅስሽም፤ ያን ኬክ በመብላትሽ አንድ ቀን ጸጸት ቢገባሽ ነው የምቀየምሽ።

ለጨረቃው በዓል እዚህ ለያንዳንዳችን የጨረቃ ኬክ አደሉን። ዘይቱ ይንጠባጠባል፣ ሊጡ ጥሬ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ጋጋሪው ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። አጠገቤ የምትተኛዋ ሴት እየጣማት ስትበላ አይቼ የኔንም ሰጠኋት። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። በኬኩ አይደለም። በዚያ በዓል አንቺ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ካርቶን ስታጥፊ ከማየት የበለጠ ምን ነበረኝ?

እና አትምጪ። እኔ የምኖረውን ኖሬያለሁ፣ አንቺ ገና ነሽ። አክስትሽን ታዘዢ፣ ከሰው ተስማሚ፣ ደህና ሰው ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ሲናደድ እዪው። ጠበቃው የሚጽፍልሽን አንብበሽ ቅደጂው።

ችሎቱ ኖቬምበር 22፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ቀኑን የነገርኩሽ ያን ዕለት እንድታስቢኝ ያህል ነው። የሲንጋፖሩ ትልቅ መርከብ የሚያወርድበት ወደብ ላይ የሲውቹንግ ወንድም ሰዎች ቆመዋል። በማካው በኩል ዞረው የሚመጡት ግን ትንሹ የጀልባ ማራገፊያ ላይ ነው የሚወርዱት፤ እዚያ የሚጠብቅ ሰው የለም ይባላል። ይህን ያወራችልኝ እትዬ ላን ናት፤ እኔ አልጠየቅኋትም። እሷማ "ከደረሰች ቶፉ ቤቱ በላይ አሳድራታለሁ፣ እዚያ ማን ይደርስባታል" ብላ ቀባጠረች። እኔ ዝም አልኳት።

ቲን ሃው፣ የባሕሯ እመቤት፣ ትጠብቅሽ፤ ባሕር ባትሻገሪም ትጠብቅሽ። አያት ቅድመ አያቶችሽ ከፊትሽ ይቅደሙ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ጉልበትሽ አይድከም፣ አፍሽ አይታሰር።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ላይክዋን

ይህን ረስቼ፦ ኖቬምበር ላይ እዚህ ነፋሱ ይበርዳል። ወፍራሙን ኮትሽን አውጥቶ ፀሐይ ላይ እንዲያሰጣው ለአባትሽ ነግሬዋለሁ።