የደመና ዲሼን ለወሰዱት የተከበሩ ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የልዩ ልዩ መሣሪያዎች ምዝገባና ቁጥጥር ዴስክ ኃላፊ
ጋምቤላ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከወንዙ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለተሠራው ቢሮዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና እገልጻለሁ። አብራር ሙአዝ እባላለሁ፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአባቴ ጋር ከወሎ መጥቼ እዚሁ ያረጀሁ የቴሌቪዥንና የዲሽ ጠጋኝ ነኝ። ባለቤቴ ጦይባ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ልጄ ነዒማ ጅማ ናት፤ ለዒድ ትደውላለች።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ጥሎት የሄደውን ሰፊ ዲሽ ጠግኜ ግቢዬ ውስጥ በመትከል፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጋር አያይዤ በየሩብ ሰዓቱ ከሳተላይት የሚወርድ የደመና ምስል መቀበል ከጀመርኩ ሦስት ክረምት ሆኖኝ ነበር። የመቀበያውን ፈቃድ ባሕር ማዶ ያሉት የሳተላይቱ ባለቤቶች በዘጠኝ ቀን ልከውልኛል። ከእርስዎ ዴስክ የጠየቅሁት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «በመታየት ላይ» መሆኑን ስሰማ፣ ጉዳዬ ምን ያህል በጥልቀት እንደሚታይ ተረድቼ ተጽናናሁ።

እውነቱን ለመናገር ደመናውን የማየው ለእውቀት ብዬ ብቻ አልነበረም። ጦይባ ከሞተች በኋላ ሰዓቱን ጠብቆ ወደ ቤቴ የሚመጣ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ከሰው ደግሞ ጎረቤቴ ኛቦት ነበረች፤ ባሮ ዳር በቆሎ የምትዘራ፣ ሰባት ፍየሎች የነበሯት፣ እንደኔው ብቻዋን የምትኖር ሴት። ውሃው ከሚወርድበት ደጋ፣ ጎሬና መቱ ላይ ወፍራም ደመና ሁለት ቀን ከቆመ ባሮ እዚህ እንደሚሞላ በደብተሬ እየመዘገብኩ ደርሼበት ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ በየማለዳው አጥሩ ጋ ቆማ «አብራር፣ ደመና ምን አለ?» ትለኛለች። ሁለት ጊዜ «ዛሬውኑ ፍየሎችሽን አውጪ» ብያት አውጥታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ውሃው መጥቷል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ በነሐሴ ስለላኩልኝ ሁለት ሠራተኞች ነው። አንደኛው ዲሹን እየዞረ «ይሄ ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አያወራም፤ ይቀበላል ብቻ» አልኩት።

«ከማን?»

«ከሳተላይት። ደመና ነው የሚያሳየኝ።»

ይህንንም «ባለቤቱ ከማን ጋር እንደሚገናኝ በግልጽ ለማስረዳት ፈቃደኛ አልሆነም» ብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ቅጹ ላይ አሰፈረው። ዲሹንም፣ ሪሲቨሩንም፣ ኮምፒውተሩንም ጭነው ሄዱ። ደረሰኝ ስጠይቅ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ መሆኑ ተነገረኝ።

ለሚቀጥለው ቁጥር መስጠት አልቻልኩም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ኛቦት እንደ ልማዷ አጥሩ ጋ መጣች። ዲሹ የነበረበት ቦታ ባዶ መሆኑን አይታለች፤ ሆኖም «ደመና ምን አለ?» አለችኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አላውቅም ካልኳት ግን ነገ የማትመጣ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ በእኛ በኩል ሰማዩ ጥርት ብሏል። «አይዞሽ፣ ምንም የለም» አልኳት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ባሮ ሞልቶ ወጣ። ኛቦት ጀልባ እስኪደርስላት ድረስ ማንጎ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች፤ በቆሎውንም ፍየሎቹንም ውሃው ወሰዳቸው። ወንድሟ ቢየል ወደ ኢታንግ ሊወስዳት ሲመጣ እኔ ጋ ገባች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ተው» አለችኝ። «አንተም እንደኔ በዓይንህ አይተህ ነው የነገርከኝ።» የኛቦት አማርኛ «እርስዎ» የሚባለውን ቃል አያውቅም፤ እኔ ግን በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። ጥፋቱን ሁሉ ለክቡርነትዎ ባስረክብ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን «ምንም የለም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያንን ዴስክዎ በቅጽ ሞልቶ ሊወስድልኝ አይችልም።

አሁን ማለዳ ተነሥቼ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። ማንም አይመጣም።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ዕቃዬን ይመልሱልኝ። የቢየል ስልክ ቁጥር አለኝ፤ ኢታንግም ያለችው ባሮ ዳር ነው። ደውዬ የምነግራት እውነተኛ ነገር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።

ለጥንቃቄዎ፣ ለማኅተምዎና ለሠራተኞችዎ የእጅ ጽሑፍ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ቀድሞ ደመና፣ ዛሬ ግድግዳ የሚመለከተው አገልጋይዎ
አብራር ሙአዝ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ «የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ» በሚል ርእስ ላዘጋጁት የግማሽ ቀን ስብሰባ የላኩልኝ የጥሪ ወረቀት፣ ስብሰባው ከተደረገ በአምስተኛው ቀን ደርሶኛል። ሌላ የጠራኝ ሰው ስላልነበረ ሸሚዜን ተኩሼ መጣሁ፤ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስኩ። ስለ መስተንግዶው እግዜር ይስጥልኝ።