የስንዝሩ መልስ የማን ነበር?

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 2005 ዓ.ም.

ውድ ፈርሂያ፣

የጅዳው ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ውርጩ ጣት ያደርቃል፤ ፊደሌ ቢንጋደድ በሱ ነው።

ባለፈው እናትሽ ስልኩን ሲሰጡኝ “ሒሳብ እንዴት ነው?” አልሽኝ። “ደህና ነው” አልኩሽ። ደህና አልነበረም። በስልክ ማውራት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ በአካልም አልችልም። ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መስከረም ላይ መምህር አለምነው የሰጡንን ጥያቄ ታስታውሻለሽ? “ሦስት ክንድ ጨርቅ ለግማሽ ክንድ ሲካፈል ስንት ይሆናል? መንገዱን አልነግራችሁም። በየአንድ ለአምስታችሁ ተወያዩና ለምን እንደሆነ ጭምር አምጡ” ብለው ተቀመጡ። ፈንታው “ማካፈል ያሳንሳል፤ አንድ ተኩል ነው!” ሲል ሁላችንም አመንነው። አንቺም የቡድኑ መሪ ሆነሽ አመንሽው። እኔ ግን መቀነቴን ፈትቼ ዴስኩ ላይ ዘረጋሁና ሦስት ክንድ ለካሁ። ግማሽ ክንድ አንድ ስንዝር ነው። በስንዝሬ ብሄድበት ስድስት ሆነ። ስድስት ከሦስት ስለሚበልጥ የተሳሳትኩ መስሎኝ ልሰበስበው ስል እጄን ያዝሽኝ።

“ቆይ፣ ድገሚው።”

ደገምኩት። ብድግ አልሽና “ቲቸር! ማካፈል ማደል ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ይገባል ብሎ መጠየቅም ነው! ስድስት!” አልሽ። ክፍሉ አጨበጨበልሽ። እኔም አጨበጨብኩ። ወደ ቤት ስሄድ ግን መንገዱን ሙሉ “የኔ ነበር” እያልኩ ሄድኩ። ደጃችን ስደርስ ደግሞ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ስንዝሩ የኔ ነው፤ “ስንት ጊዜ ይገባል” የሚለው ቃል ግን በአእምሮዬ አልነበረም።

አሁን የምነግርሽን እንዳትቀየሚኝ። አሥራ አምስት ዓመትሽ ሆኖ ሳለ መታወቂያሽ ለጅዳው ሥራ ሃያ ስድስት ብሎ ሲወጣ፣ እናትሽም ሲያለቅሱ፣ እኔ ለአፍታ ደስ አለኝ። “አሁን ያገኘሁት እኔ መሆኔ ይታወቃል” አልኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድልኝ አለ።

አልታወቀም። መሪነቱ ለኔ ተሰጠኝ። መምህር አለምነው “ሁለት ክንድ ለሩብ ክንድ” ብለው አስነሱኝ። ስምንት መሆኑን አውቃለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለ።

“አፏ ጅዳ ሄዷል!” አለ ፈንታው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በወዲያኛው ጎኔ የምትቀመጠው በዛች እንኳ ሳቀች። መምህር አልሳቁም። “ስመኝ፣ እስከ ሐሙስ ለጓደኞችሽ ማስረዳት ካልቻልሽ ቡድናችሁን በትኜ ለሌሎቹ አከፋፍላችኋለሁ” አሉኝ። ያንቺ ቡድን በኔ ዝምታ ሊበተን ነው፣ አስቢው።

ሐሙስ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። መቀነቴን ፈታሁና ጫፉን ለፈንታው ሰጠሁት።

“ምነው፣ ልታስሪኝ ነው?” ብሎ አሳቀብኝ።

ሁለት ክንድ ለካሁና ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሬ በግማሽ ስንዝር፣ በግማሽ ስንዝር እያጠፍኩ ወደሱ ቀረብኩ። አራተኛው እጥፋት ላይ ሳቁን ተወ። እጁ ጋ ስደርስ “ቆይ፣ ቆይ፣ ድገሚው” አለኝ፤ ልክ እንዳንቺ።

ደገምኩት።

“ስምንቴ ይገባል! ወላሂ ያበዛል!” ብሎ ጮኸ። ለሱ ተጨበጨበለት።

ቡድኑ አልተበተነም። እኔም በዚህ ጊዜ “የኔ ነበር” አላልኩም። ደስ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሳልናገር አስተማርኩት ማለት ነው? ወይስ ራሱ አገኘው? ያኔስ ያገኘሽው አንቺ ነበርሽ ወይስ እኔ? ስጽፍልሽ የሚገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ይባስ ተደባለቀብኝ።

ይህን ወረቀት የሰፈራችን ልጅ ዙሀራ ታመጣልሻለች፤ የእሷም ቪዛ ወጥቷል። ውስጡ ያለው ብጣሽ ጨርቅ ልክ አንድ ስንዝሬ ነው። በመልስሽ “አንቺ ነሽ” አትበይኝ፤ “እኔ ነኝ”ም አትበይ። በጨርቁ ላይ ያንቺን ስንዝር ለክተሽ፣ የደረሰበት ላይ ምልክት አድርገሽ መልሺልኝ።

አብሽሪ። ዴስኩ ላይ በቦታሽ ማንንም አላስቀመጥኩም።

እጇ እንጂ አፏ የማይታዘዝላት፣
ስመኝ