ጅራታሙ ኮከብና የእንሰት ችግኞቻችን

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ዓለም ዓርብ ትጠፋለች። እኔን ያናደደኝ የሒሳብ ፈተናው ሐሙስ መሆኑ ነው። መጥፋቷ ካልቀረ ረቡዕ ብትጠፋ ምን ነበረበት?

ወሬውን ያመጣው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ሸምሱ ነው። ጎህ ሲቀድ ከች ብሎ ሁላችንንም ከመኝታ አስነሣና ግቢ ውስጥ አሰለፈን። ከዚያ ሰሞኑን በምሥራቅ፣ በዝዋይ በኩል የሚታየውን ጅራታም ኮከብ በከዘራው እየጠቆመ፣ "ይኸውላችሁ፣ እየወረደ ነው" አለ። ኮከቡ እንደኔ እንደኔ ያምራል። ጭራው ለሠርግ የተበጠረ ፀጉር ይመስላል።

"ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት መሬትን ይመታታል። በራዲዮ ተነግሯል" አለ አጎቴ።

"በየትኛው ራዲዮ?" አልኩት።

"በውጭ አገር ራዲዮ።"

"በምን ቋንቋ?"

"በእንግሊዝኛ ነዋ!" አለና ወደ አባባ ዞረ። "ከማል፣ የዚች የሰአዳ ነገር ምላስ ብቻ ሆነ። ትምህርቱን ቀንስላት።"

አጎቴ ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው "ኦኬ" የምትለዋን ብቻ ነው። እሷንም የሚናገራት አህያውን ሲያቆም ነው።

ያሳሰበኝ ግን አባባ ነው። የእንሰት ችግኞቻችንን ባለፈው ሳምንት ነቅሎ ከጓሮ ጥላ ሥር ከምሯል። ዛሬ ወደ አዲሱ ቦታ ሊያዛውራቸው ጉድጓድ መለካት ጀምሮ ነበር። አጎቴ ሲሄድ መቆፈሪያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

"እንሰት እስኪደርስ ስድስት ዓመት ይፈልጋል። ለሦስት ቀን ዓለም ማን ይቆፍራል?" አለ።

እናቴ፣ "ወንድሜ ዋሽቶ አያውቅም" አለች። ማስታወስ ስላልፈለገች እንጂ እኔ እንኳ አራት ውሸቱን አውቃለሁ።

የተነቀለ ችግኝ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ ሥሩ ይደርቃል። እነዚህ ከደረቁ ከስድስት ዓመት በኋላ ቤታችን የሚፋቅ እንሰት የለም፣ ቆጮም የለም። እኔ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ርቦኝ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

የሳይንስ አስተማሪያችንን ጠየቅኳቸው። ከጎጃም ነው የመጡት፤ ቡታጅራ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸው እስካሁን ክትፎ በጎመን ሲቀርብ ይገርማቸዋል። "ቲቸር፣ መሬት የምትጠፋው እንዴት ነው?" ስላቸው ከደመወዝ ቀን የበለጠ ፊታቸው በራ። ትምህርቱን ትተው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

አንድ። ፀሐይ ነዳጇን ስትጨርስ ታብጥና ትውጠናለች። (መቼ? ዜሮዎቹን ሰሌዳው አልበቃቸውም።)

ሁለት። ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ መጥቶ ይመታናል።

ሦስት። ምድር ቀዝቅዛ በረዶ ትሆናለች። (ከኋላ አንዱ፣ "የዘቢዳር ተራራ ሰዎች ለምደውታል" አለ። ውጭ ተንበርክኮ ዋለ።)

አራት። ሰዎች በአቶም ቦንብ ይጨራረሳሉ። እዚህ ላይ ጠመኔያቸውን አስቀመጡና፣ "እኔን የሚያሰጋኝ ይኼኛው ነው" አሉ። ማንም አልሳቀም።

"ጅራታሙ ኮከብስ?"

"ጭራው ጋዝና አቧራ ነው። ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። ያልፋል።"

ይህንን ለአባባ ነገርኩት። "አስተማሪሽ ከጎጃም ድረስ ይኼን ብሎ ነው የመጣው?" አለኝ። ከዚያም፣ "አጎትሽ ግን ዘመድ ነው" አለ። ዘመድ የተናገረው ሳይንስ ነው እንግዲህ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከመንዝ ናቸው፤ ባላቸው ወረዳ ግዛት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። እሳቸው ኮከቡን ማየት አላስፈለጋቸውም። "ስምንተኛው ሺ ገብቷል ልጄ። ምልክቱ ሞልቷል። አንድ፣ ወንድ ፀጉሩን አጎፈረ። ሁለት፣ ሴት ብስክሌት ነዳች። ሦስት፣ ዝናቡ ወሩን ረሳ። አራት፣ አንቺ ትልቅ ሰው ፊት ትገለፍጫለሽ።" ለካ እኔ አራተኛዋ ምልክት ነኝ! ክብሩ ቀላል አይደለም።

የመስጊዳችን ሸኽ ደግሞ ለአባባ፣ "የቂያማን ቀን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ሸምሱ ከማን ሰማ?" ብለውታል አሉ። አባባ አዳምጦ ተመለሰ። ችግኙን ግን አልተከለም።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ። ከሰዓት በኋላ አጎቴ አህያውን እየነዳ በመንደራችን ሲዞር ዋለ። ሰው ሁሉ እንደ አባባ ነቅሎ ነበርና፣ "ከሚደርቅባችሁ ለላሜ መኖ ይሁን" እያለ ችግኝ ይሰበስባል። ጎረቤታችን ጋሽ ኑሪ ክምሩን እንዳለ ጫነለት፣ ያውም በምርቃት። ሁለት ሌሎች ጎረቤቶችም ሰጡት። አጎቴ ለአባባ፣ "ያንተን ዓርብ በጠዋት እወስደዋለሁ" አለው፤ አባባም ራሱን ነቀነቀ።

አላስቻለኝም። "ጋሼ፣ ላሟ ዓርብ የምትሞት ከሆነ ለምን ትቀለባለች?"

"ጠግባ ትሙት!" አለኝ ሳያቅማማ።

ያለችው አንድ ላም ናት። እሷም ጥርስ የላትም።

ሌላም አለ። አጎቴ የራሱ ጓሮ ጫካ እንደሆነ ሲፎክር ነው ያደግነው። "ከእንሰቴ ውስጥ ጅብ ገብቶ መውጫ ጠፍቶት አዛን ሲባል አገኘሁት" ይላል። እንግዲህ የእንሰት ቅጠል እንደዚያ የተረፈው ሰው ላሙን በጎረቤት ችግኝ የሚቀልበው ለምንድን ነው?

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ፈተናው፦ ከአሥሩ ሰባቱን ሠራሁ። ሁለቱን አጠገቤ ከምትቀመጠው ከፋጡማ ጋር ተማከርኩ። አንዱን ለአላህ ተውኩት።

ከዚያ ስለላ። እናቴ ለአጎቴ ሚስት የምትልከው በርበሬ ነበረ፤ "እኔ ላድርስላት" አልኳት። ዐይኗን አጥብባ አየችኝ። በፈቃዴ ተልኬ አላውቅም። ቤታቸው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ፈጥኜ ስሄድ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል።

ሰላምታ ስንለዋወጥ ገና የአክስቴ የራሕማ ዐይን ወደ ጓሮ ሸሸ። የእንሰት ሥር፣ አሚቾ ቀቅላ አቀረበችልኝ። "አጎቴስ?" ስላት፣ "ሰው ጋ ሄዷል" አለች። የት ስላት ራቅ ያለ ቦታ አለች። ወደ ጓሮ ልሂድ ብዬ ስነሣ፣ "በዚያ አትሂጂ፣ ውሻ አለ!"

ውሻ የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም።

ውኃ ልትቀዳልኝ ስትወጣ መጀመሪያ መደርደሪያ ላይ ያለውን ራዲዮ አወረድኩት። ጀርባውን ከፈትኩ። ባትሪ የለም። በባትሪው ቦታ መርፌ፣ ጥቁር ክርና ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ አለ። እንግሊዞቹ ለመርፌው ነው ያወሩት ማለት ነው። አንድ ነጥብ ለእኔ።

ከዚያ ዞሬ ወደ ጓሮ ገባሁ።

ጅብ የጠፋበት እንሰት የለም። አብዛኛው ወድቋል። የቀረው ቆሞ ሞቷል፤ ቅጠሉ ከመሀሉ ቢጫ ሆኖ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አንዱን ግንድ በእግሬ ነካ ባደርገው ቢጫ ውኃ ወጣው፤ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል። ይህን ያህል እንሰት አንድ ላይ ሞቶ አይቼ አላውቅም። ሰውም ቢሆን ተራ በተራ ነው የሚሞተው።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አዲስ የተቆፈረ መሬት አለ። ችግኞች በመስመር ቆመዋል። የጋሽ ኑሪ ክምር የታሠረበት የሰሌን ገመድ ዳር ላይ ተጥሏል። አጎቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኳል። እያንዳንዱን ችግኝ ሲያቆም "ቢስሚላህ" ይላል፤ ከዚያ አፈሩን በሁለት እጁ ይደመድማል፣ የሕፃን ብርድ ልብስ እንደሚጠቀጥቅ ሰው። ነገ ለምትጠፋ ዓለም!

የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። "ጋሼ፣ ላሟ ከመሬት ውስጥ ነው የምትበላው?" ልለው። ጥሩ ነበር። ግን ትከሻው ሲወጣና ሲወርድ አይቼ ዞር ብዬ ሄድኩ። አሚቾውንም አልጨረስኩ።

ለአባባ ብናገር አጎቴ የመስቃን አገር ሁሉ መሳቂያ ይሆናል። ዝም ብል ነገ በጠዋት ችግኛችንን ይጭናል። እስኪመሽ ሁለቱን ሳመዛዝን ቆየሁ። ከዚያ ሄጄ ጓሮ ያለውን ክምራችንን ነካካሁ። የአንዳንዱ ሥር መድረቅ ጀምሯል።

ገብቼ ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አባባ አልጮኸም። "እንሰቱ ሁሉ?" ነው ያለው። "ሁሉ" አልኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 18

ከተማው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም የገበያ ቀን ስለሆነ ጠቧል። ዓለም ትጠፋለች ያሉት ሴቶች ሁሉ ቅቤያቸውን ይዘው ቦታ ይጣላሉ። ትምህርት ቤት ግማሹ ልጅ ቀርቷል አሉ። እኔ ከግማሹ ጋር ነበርኩ።

አጎቴ በጠዋት አህያውን ይዞ መጣ። አባባ ጋሽ ኑሪንና ሁለቱን ጎረቤቶች አስቀድሞ ጠርቷቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም። አጎቴ ክምራችንን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል አባባ፣ "ተው፣ እኔ ልጫንልህ" አለውና ቆጥሮ ግማሹን ጫነ። ከዚያ መቆፈሪያውን ከግድግዳው አነሣ።

"መቆፈሪያው ለምንድን ነው?" አለ አጎቴ።

"ላምህን ልጠይቃት" አለ አባባ።

አባባ ቀልድ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። አጎቴ ወደ እኔ አየ። እኔ አህያውን አየሁ።

አህያውን ተከትለን ሄድን። አጎቴ "ኦኬ" እንኳ አላለም። ጓሮው ስንደርስ ጋሽ ኑሪ የሞተውን እንሰት ከማየቱ በፊት ገመዱን አየ። "አንተ ሸምሱ! መርቄ ነው እኮ የሰጠሁህ! ሽማግሌ ፊት ነው የምታስረዳው!" አለና ከዘራውን አነሣ። ከዚያ ቀና ሲል የወደቀውን አየ። ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ።

"መቼ ጀመረው?" አለ አባባ።

"ከመስቀል በኋላ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ነው። ጫፉ ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት። በወሩ ይኸው።"

"ለምን አልጠየቅኸንም? ችግኝ የሚከለክልህ አለ?"

አጎቴ፣ "ይኼ ሁሉ ፉከራዬ እያለ? ብለምናችሁ ትስቁብኝ ነበር" አለ። ሲናገር የሚያየው አባባን ሳይሆን እኔን ነው።

እውነቱን ነው። እስቅ ነበር። ለሳምንት የሚበቃ ቀልድ አወጣበት ነበር። ይህን እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው።

አባባ መሬቱን እያየ፣ "ከታመመው ራቅ አድርገን እንትከል። ልጆች የሚበሉት ነው" አለ። ጋሽ ኑሪ እየተሳደበ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ከሁሉም ብዙ የቆፈረው እሱ ነው፤ ከሁሉም ብዙ የተሳደበውም እሱ ነው። እኔ ችግኝ አቀብላለሁ። ኮከቡ ይመታናል የተባለበት ሰዓት መቼ እንዳለፈ አላወቅንም። ለጁምዓ እጃቸውን ታጥበው ሮጡ።

እትዬ አስካለ ማታ አጥር ላይ አገኙኝና፣ "ዛሬ የተረፍነው በጾሙ ነው" አሉኝ። "እኔስ? እኔ አልጾምም" ስላቸው፣ "አንቺማ ምልክት ነሽ፤ ምልክት ቀድሞ አይጠፋም" አሉኝ። አንድ ነጥብ ለእሳቸው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

የቀረንን ግማሽ ዛሬ ተከልን። ከጠዋት እስከ ቀትር። ጥቂቶቹ ሥራቸው ደርቆ ተጣሉ፤ ብዙዎቹ ቆመዋል። እናቴ ለሠራተኞቹ ምሳ አቀረበች፤ ሠራተኞቹ አባባና እኔ ነን። ስለ ወንድሟ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ነገር ግን ቆጮ ጠቅልላ ለራሕማ እንዳደርስ አዘዘችኝ፤ ከበርበሬው ይበልጥ ነበር።

አጎቴም ራሱ መጣ። ላሟን በእኔ ፊት አልጠራትም። እኔም አልጠራኋትም። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ያ ኮከብ አልፏል እኮ፤ አይተሻል?" አለኝ። "አላለፈም ጋሼ፣ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ነበረ" አልኩት። "እንግዲያው አስተማሪሽን ጠይቂልኝ፤ እንሰት የሚገድለውን ያውቅ እንደሆነ" አለ። እንደዚህ ዝቅ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም። ሰኞ እጠይቃለሁ። ሰሌዳው ላይ ከጻፉት ከአራቱ ውስጥ ግን ይኼ አልነበረበትም።

ማታ አባባ ብቻውን ጓሮ ሲገባ ተከተልኩት። ያረጁትን እንሰቶቻችንን አንድ በአንድ፣ ቅጠል እያገላበጠ ያያል። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። እኔም በሌላው መስመር ያዝኩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ታች ያለ አንድ ቅጠል አገኘሁ። ጫፉ ቢጫ ነው፤ ስፋቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

"አባባ፣ ይኼስ?"

መጥቶ ቅጠሉን መዳፉ ላይ አደረገው። ጫፉን በአውራ ጣቱ አሸው።

"ፀሐይ ነው" አለኝ።

ይህን ሲለኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ቢላውን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።