ትክክል ሆኖ ዜሮ ስላገኘው የወይዘሮ የሺሃረግ መልስ

ለተከበሩ አቶ ጎይቶም
የማሠልጠኛ ተቋማችን የትምህርት ክፍል ኃላፊ
ካሳንቺስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ስብሰባዎ አጭር፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ የሚጠጡት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ሰምሃል ሃብተአብ እባላለሁ፤ ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከቢሮዎ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል ላለፉት ስድስት ዓመታት ኮድ ጽፈው ለማያውቁ ጀማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ የማስተምር ሠራተኛዎ ነኝ። ስለዚሁ ጉዳይ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች ሳይከፈቱ በክብር ስለተቀመጡልኝ፣ አራተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጉዳዩ በመጋቢት ወር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያስለጠፉት መመሪያ ነው። መመሪያዎ ጀማሪዎች ከእንግዲህ በኖትፓድ፣ ማለትም የተጻፈለትን ከመቀበል በቀር ሌላ ሥራ በሌለው ተራ የጽሑፍ መጻፊያ፣ ኮድ እንዳይጽፉ ከልክሎ፣ ባለሙያዎች የሚሠሩበትን፣ ቃል የሚጨርሰውን፣ ስህተት የሚያሰምረውንና ሁሉን ነገር አሟልቶ የያዘውን ትልቁን ፕሮግራም ብቻ እንዲጠቀሙ ያዛል። ምክንያቱ «የተቋሙን ደረጃ ስለሚመጥን» ነው ይላል። ስለ ደረጃችን ስለተጨነቁልን እያመሰገንኩ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላቅርብ።

፩ኛ. በክፍሌ ካሉት ሃያ ኮምፒውተሮች አሥራ ሁለቱ ትልቁን ፕሮግራም ለመክፈት ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸዋል። በዚህ ጊዜ ሠልጣኞቼ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ወገብ ሕመም በሰፊው ይወያያሉ። ተቋማችን ለሰዎች መቀራረብ ላደረገው ለዚህ አስተዋጽኦ ምስጋናዬ ላቅ ያለ ነው።

፪ኛ. ከሠልጣኞቼ አንዷ ወይዘሮ የሺሃረግ ይባላሉ። አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ቄራ ይኖራሉ፣ ባምቢስ አካባቢ ባለ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥም ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ክሊኒኩ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ሊያዞር ስለሆነ ካርድ ክፍሉ በሐምሌ እንደሚዘጋ፣ እሳቸው ግን የሥልጠና ሰርተፍኬት ካመጡ ወደ መረጃ ክፍል እንደሚዛወሩ ተነግሯቸው ነበር የመጡት። ከመመሪያዎ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በኖትፓድ ሦስት መስመር ጽፈው ስማቸው ኮምፒውተሩ ውጤት በሚያሳይበት ጥቁር መስኮት ላይ ሲወጣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ሰማኝ እኮ!» ማለታቸውን አልረሳም። ከመመሪያዎ በኋላ ደግሞ ትልቁ ፕሮግራም ገና ሁለት ፊደል ሲነኩ ቃሉን ይጨርስላቸው፣ ሳይጨርሱት በቀይ ያሰምርባቸው ጀመር። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አሁን ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ይሉኝ ነበር። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ ስላላገኘሁ፣ መመሪያውን ያወጡት እርስዎ ቢመልሱላቸው ደስ ይለኛል።

እዚህ ላይ ግን ስለ ራሴም እውነቱን መናገር አለብኝ። ትልቁ ፕሮግራም መጥፎ አይደለም፤ እኔም የራሴን ሥራ የምሠራው በእሱ ነው። ወይዘሮ የሺሃረግ በኖትፓድ ሲጽፉ የረሷትን አንዲት ቅንፍ ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈልጉ፣ ትልቁ ፕሮግራም ወዲያው ሊያሳያቸው እንደሚችል እያወቅሁ «ይልመዱት» ብዬ ዝም ማለቴ ማስተማር ሳይሆን ግትርነት ነበር። በሁለተኛው ቀን ዓይናቸው ቀልቶ ሲወጡ አይቼ አፍሬያለሁ። ስለዚህ ጀማሪው በተራው መጻፊያ ወር ያህል ቆይቶ፣ የሚጽፈውን ሲያውቅ ወደ ትልቁ እንዲሻገር የሚል ሐሳብ በአንድ ገጽ ጽፌ ይዤ መጣሁ። ሦስት ጊዜ መጣሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስብሰባው በሰላም እንደተጠናቀቀ ተስፋ አደርጋለሁ።

፫ኛ. ፈተናው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ የአሥር ሰው ስም ተቀብሎ በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም በአንድ ሰዓት ውስጥ መጻፍ። ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ በፊደል ተራ ለደረደረ ሰው ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልነበረም። ነገር ግን የወይዘሮ የሺሃረግ ኮምፒውተር ትልቁን ፕሮግራም ሲከፍት ቀጥ ብሎ ቀረ። እጃቸውን አወጡ፣ ፈታኙ «ይጠብቁ» አላቸው፤ ሠላሳ አራት ደቂቃ ጠበቁ። ከዚያ ኖትፓድ ከፍተው ጻፉና አስኬዱት። አሥሩም ስሞች በተራቸው ተሰለፉ።

ውጤቱ ዜሮ ሆነ፤ ከጎኑም «ያልተፈቀደ መሣሪያ ተጠቅመዋል» የሚል ተጽፎበታል። በፈተና ክፍሉ በኩል አቤቱታ ሳቀርብ ከቢሮዎ የመጣልኝ መልስ «መመሪያው ግልጽ ነው» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ጊዜዬን ስለቆጠቡልኝ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ የሺሃረግ ወረቀቱን ተቀብለው ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስህተት እንደሌለው ነገርኳቸው። «ስህተት ከሌለው ታዲያ ምኑን ላርመው?» አሉ። አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ እንዲያው ለማረም ተዘጋጅተው ነበር የጠየቁኝ።

ካርድ ክፍሉ በተባለው ወር ተዘጋ። ዜሮ ሰርተፍኬት ስለማያሰጥ የመረጃ ክፍሉ ቦታ ሰርተፍኬት ላለው ሌላ ሰው ተሰጠ፤ ወይዘሮ የሺሃረግ ደግሞ በር ላይ ቆመው ታካሚዎችን በተራ እንዲጠሩ ተመደቡ። ጉልበታቸው መቆም ስለማይችል ከሁለት ሳምንት በኋላ ተራ የሚይዝ አጭር ፕሮግራም ጽፈው በእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ዛሬ የክሊኒኩ ሦስት መስኮቶች በእሱ ይሠራሉ። የሥራ መደባቸው ግን አሁንም «ተራ ጠሪ» ነው።

ይቅርታ ይጠይቁ አልልም፣ መመሪያውን ይቅደዱም አልልም፤ ደክሞኛል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያንን የፈተና ወረቀት ከመዝገብ ቤት አስወጥተው፣ በምን እንደተጻፈ ሳይሆን ምን እንደተጻፈ አንብበው፣ የሚገባውን ውጤት ይስጡት።

ለሚሰጡኝ መልስም ሆነ ለሚሰጡኝ ዝምታ በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ለመመሪያዎችዎ ያለኝ አክብሮት ከመመሪያዎችዎ ቁጥር ጋር አብሮ እየበዛ እንደሚሄድ በትሕትና አረጋግጣለሁ።

ታዛዥዎ
ሰምሃል ሃብተአብ
የጀማሪዎች ክፍል አሠልጣኝ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ማክሰኞ ከተቋማችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለወይዘሮ የሺሃረግ ተደውሎ፣ ለክሊኒኩ ስለሠሩት ፕሮግራም ክፍሉ መስማቱ ተገልጾ፣ «ስኬታማ ምሩቆቻችን» ለሚለው ፖስተር ፎቶግራፍ እንዲልኩ ተጠይቀዋል። እሳቸውም ፎቶውን በደስታ እንደሚሰጡ ገልጸው፣ ከሥሩ የሚጻፈው ውጤት ምን እንደሆነ እርስዎን ጠይቄ እንድነግራቸው አደራ ብለውኛል።