የጀልባው ባትሪና የሣባ ሽማግሌዎች

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ልብስ አጥቤ ግቢውን የሞላው ጀልባ ላይ አሰጣሁ። ሌላ ቦታ የት አለና? ይሕደጎ አይቶ አኮረፈ። "በሸራ ምሰሶ ላይ አንሶላ?" ኧረ ባሌ! ከቦሌ ባሕር ስንት ቀን ያስኬዳል? አገሩ የገባ ፈረንጅ በርካሽ ጥሎበት ከሄደ ሁለት ዓመቱ። ላንጋኖ እወስደዋለሁ ይላል... አሁን ደግሞ "ባትሪው ራሱን በራሱ ካልሞላ ከግቢ አይወጣም" ብሎ ምሏል።

ሣባ ጓዳ ጠራችኝ። "እማዬ... የሂካ ሽማግሌዎች የፊታችንን ሳይሆን የሚቀጥለውን እሑድ ይመጣሉ።" ልጄ! አቅፌ ሳምኳት። ከዚያ ግቢውን አየሁ። ሽማግሌ የት ይቁም?

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ምሰሶው ጫፍ ላይ የነፋስ ፋን ሰቀለ። እንደ ተራበ ድመት ይጮኻል። ጎረቤቴ ፋናዬ በአጥር ብቅ አለች። "ማዕዚ፣ ሰማዩን ነው የምታቀዘቅዙት?"

ባትሪው? ባዶ። ነፋሱን ፎቁ ሁሉ ጋርዶታል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የጀልባውን ሞተር አስነሳ። ባትሪው ትንሽ ሞላ፤ አንሶላዎቼ ከሰል መሰሉ። "አየሽ፣ ሠራ!" ይለኛል።

ተጣልተን ታረቅን። ሽማግሌዎቹ እስኪሄዱ ሞተር የለም። መልሱንም አስጠናሁት፦ "ከዘመድ እንማከር፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ።" ሌላ ቃል እንዳይጨምር! እኔን አባቴ ሦስት ጊዜ አመላልሶ ነው የሰጠኝ። ሣባ በአንድ ቀን ከሄደች ሰው ምን ይላል?

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሶላር። ከመገናኛ በታክሲ አምጥቶ ጀልባው ላይ አነጠፈው። ጠዋት ጥሩ ሞላ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ቀጥ። "ፎርጅድ ነው" ብሎ ሊመልሰው ሄደ። ሻጩ "ጋሼ፣ ዕቃው ምንም አልሆነም፣ ቤትዎን ይመርምሩ" አለው። ራት አልበላም። በዚህ ፊት ሽማግሌ ሊቀበል...

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ጉዴ!

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው የሂካ አጎት፣ ጋሽ ዳጪ፤ ከላምበረት ወዲያ አትክልት የሚያለሙ። በረንዳው ላይ ቆሙ። "ተቀመጡ እንጂ" ስንል "ጉዳያችን ሳይመለስማ አንቀመጥም።" እንደ ወጉ። ደስ አለኝ።

"ልጃችን ሂካ ልጃችሁን ሣባን..." ብለው ጀመሩ። ዓይናቸው ግን በይሕደጎ ትከሻ ላይ አልፎ ሄደ።

"ይቅርታ አቶ ይሕደጎ... ያ ሶላር ከሰዓት በኋላ አይሰንፍም?"

"እንዴት አወቁ?!"

"የምሰሶው ጥላ ወድቆበታል። የእኔም የውኃ ፓምፕ እንዲሁ አንገብግቦኛል። ጥላ አንድ ጥጉን ከነካው ሁሉም ይተኛል።"

ከነጋቢያቸው ወርደው ፓኔሉን ገፋ አደረጉት። የባትሪው ማሳያ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ይሕደጎ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። "ልጄንም እንኩ! ሰጥቻችኋለሁ!"

በቆሙበት! ሳልኩ። እግሩን ረገጥኩት። የቀሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች "እኛ እኮ ገና አልተናገርንም" ብለው ተያዩ። ይባስ ብላ ሣባ ከበሩ ኋላ እልል አለች። ለራሷ!

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አላናግረውም። "ምን አጠፋሁ?" ይላል። ፋናዬ በሱቁ ሁሉ አውርታዋለች፦ "ማዕዚ ልጇን በሶላር ለወጠቻት።"

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ጋሽ ዳጪ የሽቦ መቆንጠጫ ይዘው መጡ። "ሽቦው ቀጥኗል፣ እንቀይረው።" ሁለቱ ጀልባው ውስጥ ሲሳሳቁ ዋሉ። ምሳ ሰጠኋቸው እንጂ ብዙ አልተናገርኩም።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ሰፈሩ ሁሉ መብራት የለውም። ትናንትም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ጀልባው ውስጥ ነው፣ በጀልባው አምፖል... ደግሞ ወንበሩ ይመቻል፣ ይሕደጎ እንዳይሰማኝ እንጂ።

ፋናዬ ስልኳን ይዛ መጣች። "ማዕዚዬ፣ ትንሽ ቻርጅ..."

"ሰማይ ስናቀዘቅዝ ውለን ደክሞናል" አልኳት። ሰካሁላት ግን።

ጋሽ ዳጪ ዛሬም መጡ፤ ፓኔሉ ከጥላው እየሸሸ የሚዞርበት ብረት አሠርተው። እዚያው በጣቴ ቆጠርኩ። አንድ... ሁለት... ዛሬ ሦስት!

"ፋናዬ፣ ሣባን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው የወሰዷት።"

"ኧረ በማርያም! ለባትሪው አይደል የመጡት?"

"ስልክሽ ስንት ደረሰ?"

"አርባ።"

"ልንቀለው?"

ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

"ሦስት ጊዜ ነው የመጡት። በዓይኔ አይቻለሁ።"

ነገ በሱቁ ሁሉ ትናገረዋለች። መቶ እስኪሞላ ተውኩላት።