የጦር ኃይሎችን የታክሲ ሰልፍ የቆጠሩት መምህርት ሌሊሴ ጉተማ

መምህርት ሌሊሴ ከአባታቸው ከአቶ ጉተማ ባጫና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘመነች ያደሳ ጥር 12 ቀን 1962 ዓ.ም. ኮልፌ 18 ማዞሪያ ተወለዱ። እዚያው ሰፈር ተምረው በ1985 ዓ.ም. በምህንድስና ተመረቁ። ከዚያም በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ለሃያ ስምንት ዓመታት አስተማሩ። ለተማሪዎቻቸው ዘወትር የሚነግሩት አንድ ነገር ነበር፤ ሮቶ ውስጥ የሚገባና የሚወጣው ውሃ፣ ባትሪ ውስጥ የሚገባና የሚወጣው ኃይል ስሙ ቢለያይም ስሌቱ አንድ ነው። ተማሪዎቹ «እትዬ ሮቶ» ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሰምተው ይስቁ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ከጦር ኃይሎች ቀራንዮ ሚኒባስ የሚያሽከረክሩትን አቶ ጉዲሳን አግብተው ዮዲንና ጸሎትን ወለዱ። አንድ ቀን ከባለቤታቸው አጠገብ ጋቢና ተቀምጠው ሰልፉን ሲያዩ፣ «ጉዲሳ፣ ይኼ እኮ ሮቶ ነው! ሰው ይሞላል፣ ታክሲ ይቀዳዋል» አሉ። በ2008 ዓ.ም. ስምንት ወር ሙሉ ፌርማታው ላይ ቆመው፣ ዝናብ ሳይሉ ፀሐይ ሳይሉ፣ በየሰዓቱ የተሰለፈውን ሰው በባለ ካሬ ደብተር መዘገቡ። በየትኛው ሰዓት ስንት ታክሲ ቢመደብ ሰልፉ እንደሚያጥርም በስሌት አወጡ።

ደብተሩን ለአንድ የሥራ ባልደረባቸው አዋሱ። ሰውየው ዶክተር ወርቅአፈራሁ ይባላል። አንቱታዬን ለእህቴ ስለጨረስኩት ለእሱ አልተረፈኝም፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም።

በ2011 ዓ.ም. ሥራው መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በእሱ ስም ብቻ። እህቴ አቤት ሲሉ የኮሌጁ ኮሚቴ «ማስረጃ አምጪ» አላቸው። ማስረጃው እሱ ጋ የቀረው ደብተር ነው። እሱ ደግሞ «ደብተር የሚባል አላየሁም» ብሎ ማለ። ስም አጥፊ ተብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣቸው። እህቴ ከዚያ በኋላ የመጽሐፉን ገጽ 84 ገልጠው ሲያዩ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ደብተሩ ላይ የጻፉት እኛ በምንቆጥረው ሰዓት ነው፤ ሰልፉ የሚረዝመው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ 412 ሰው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሰውየው አንድን አንድ ብሎ አስገባው፤ ግራፉ ላይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ወጣ። አንድ ቀን እንኳ ፌርማታው ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይነቃ ነበር። እህቴ ይህን ይዘው ቢሄዱ «ፋይሉ ተዘግቷል» ተባሉ። በ2013 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ ወዲህ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት እኔን ታናሽ እህታቸውን ፋሲካን ጠርተው፣ «የሕይወት ታሪኬ ላይ አንብቢው፤ እዚያ ማንም አያቋርጥሽም» አሉኝ። እነሆ አነበብኩ። «ሬሳ ፊት ነገር ትፈልጊያለሽ ወይ?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አዎ፣ እፈልጋለሁ። ሰባት ዓመት ዝም ብያለሁ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ዶክተር ወርቅአፈራሁ አበባ ይዞ መጥቷል፤ ቀጥሎ የስንብት ንግግር ላድርግ ብሎ ተመዝግቧል። ያድርግ። በእጃችሁ የያዛችሁትን ወረቀት ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ ገጽ 84 እንዳለ ታትሟል። ከንግግሩ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስልን፦ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጦር ኃይሎች ተሰልፈው ታክሲ የሚጠብቁት 412 ሰዎች እነማን ናቸው?

መምህርት ሌሊሴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና አንዲት ቂመኛ እህት ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ወረፋ ሳያስጠብቅ ይቀበልልን።